«የአድዋ ዘመን» የተባለው ጩቤ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። በቅርቡ ያረፈው አጎቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ጩቤ አገኘን። አጎቴ በወጣትነቱ የኤምባሲ ሾፌር ነበር። ጩቤው ከነአፎቱ ስንዝር ተኩል ይሆናል፣ እጀታው ወርቃማ ሆኖ ጫፉ ላይ የአንበሳ ራስ አለው። ስለቱ ላይ በላቲን ፊደል «ቶሌዶ»፣ ከስሩ ደግሞ «ኢኖክሲዳብል» ይላል። አንድ ደላላ «የአድዋ ዘመን ነው፣ ፈረንጅ ገዢ አለኝ፣ ለማፈላለጊያ 5 ሺህ ብር አምጡ» ይለናል። እውነት ያን ያህል የቆየ ነው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ብሩን እንዳትሰጠው።

ቶሌዶ ከማድሪድ በስተደቡብ ያለች የስፔን ከተማ ናት፣ በሰይፍ ሥራ ስሟ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ፣ ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ የጓጓ ሰው አይፈረድበትም። ጉዱ ያለው ከስሩ ነው። ኢኖክሲዳብል የማይዝግ ብረት ነው። አድዋ በ1888 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 1896 መሆኑ ነው። የማይዝገው የስለት ብረት ግን እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1913፣ እምዬ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት ነው። እና እንዴት አድርጎ አድዋ ይዘምታል?

እጀታውን ደግሞ ራስህ ፈትሸው። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ማግኔት አውጣና አስጠጋው። ስለቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ እጀታውን ግን ላይነካው ይችላል። ዚንክንም ነሐስንም ማግኔት አይስበውም፣ ስለዚህ እጅ የሚበዛበትን ቦታ ልብ ብለህ እይ፤ ቅቡ ተልጦ ከስር ግራጫ ብቅ ካለ ዚንክ ነው፣ ነሐስ ቢሆን ውስጡም ቢጫ ነበር። ከአንበሳው ጆሮ ጀርባ ቁልቁል የምትወርድ ቀጭን መስመር ካለች ደግሞ እጀታው ቀልጦ የፈሰሰበት ቅርጽ መጋጠሚያ ናት፣ ሞረድ በደንብ ያላነሳት። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውለው ዛማክ የሚባል የዚንክና የአሉሚኒየም ቅይጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ይሄ ስፔን በቱሪስት ከተጥለቀለቀች ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በኋላ ለጌጥ የተሠራ ዕቃ ነው። ከኤምባሲ ሰው ለአጎትህ የተሰጠ ስጦታ ቢሆን አይገርመኝም።

በአመድና በሎሚ እንዳትፈትገው፣ ቅቡ ይነሳል። ለመሳልም አትድከም፣ ሽንኩርት ለመክተፍ አልተሠራም። ደላላው ተመልሶ ከመጣ «5 ሺውን ከሽያጩ ላይ ትቆርጣለህ» በለው። ሁለተኛ ደጅህን አይረግጥም።