ከቤት ሲኒማ ሪሲቨር ወደ ራሱን የቻለ አምፕሊፋየር፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ ላይ ሪሲቨር የምለው ከዲሽ ጋር የሚገጠመውን ሳይሆን፣ የፊልሙን ድምፅ ለይቶና አጉልቶ ለአምስት ወይም ለሰባት ስፒከር የሚያከፋፍለውን የቤት ሲኒማ መሣሪያ ነው። ራሱን የቻለ አምፕሊፋየር የምለው ደግሞ ድምፁን የማጉላት ሥራ ብቻ የሚሠራውን ለብቻው የቆመ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ሪሲቨሬ በየቻናሉ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ስፒከር፣ 100 ዋት ነው። ባለ 200 ዋት አምፕሊፋየር ብገዛ ድምፁ እጥፍ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሯችን እጥፍ ሆነ ብሎ የሚቀበለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር፣ ማለትም ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ሲያድግ ነው። በራስዎ ሳሎን ያስሉት። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ካለዎትና 3 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ፣ በርቀቱ ምክንያት 10 ዴሲቤል ያህል ቢያጡ እንኳ 100 ዋቱ 20 ዴሲቤል ስለሚጨምር 100 ዴሲቤል ይደርስዎታል፤ ይህም ለመኖሪያ ቤት ከበቂ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ለተሻለ ስፒከር ቢያውለው እመርጣለሁ።

ይሁን እንጂ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 100 ዋት ብዙውን ጊዜ ሁለት ቻናል ብቻ እየሠራ የተለካ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሰባቱም ስፒከሮች በአንድ ጊዜ ኃይል ሲፈልጉ በውስጡ ያለው አንድ ትራንስፎርመር ለሁሉም ስለማይዳረስ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ስፒከሮቼ 4 ኦም ናቸው። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ሪሲቨሩ በራሱ ይጠፋል።

መልስ፦ አምፕሊፋየር ለመግዛት ከሚያበቁ ምክንያቶች ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቋቋምበት መለኪያ ነው፤ 4 ኦም ስፒከር በተመሳሳይ ቮልቴጅ ከ8 ኦሙ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ፣ ሪሲቨሩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መሣሪያውን ከመብራት ነቅለው ከጀርባው በባትሪ እያበሩ የገመዶቹን ጫፍ ይመልከቱ። ከቀዩ ማሰሪያ ያመለጠች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ጥቁሩን ከነካች፣ ሪሲቨሩ ልክ እንዲሁ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሪሲቨሩን ልሽጠው?

መልስ፦ አይሽጡት። ከጀርባው «ፕሪ አውት» የሚባሉ፣ ገና ያልጎላውን ድምፅ የሚያወጡ መውጫዎች ካሉት፣ ከእነሱ ወደ አምፕሊፋየሩ ገመድ ይዘርጉና ድምፁን የመለየቱንና የመቆጣጠሩን ሥራ ለሪሲቨሩ ይተዉለት። በሦስቱ የፊት ስፒከሮች ይጀምሩ፤ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው ከመካከለኛው ስለሚወጣ ሸክሙ እዚያ ነው። ከገጠሙ በኋላ ሪሲቨሩ የስፒከሮቹን ድምፅ የሚያመጣጥንበትን፣ በማይክሮፎን የሚደረገውን ልኬት እንደገና ያካሂዱ፣ ምክንያቱም አዲሱ አምፕሊፋየር ድምፁን የሚያጎላበት መጠን ከሪሲቨሩ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየሩን ከገጠምኩ ወዲህ ፊልም ባይከፈትም እምምም የሚል ድምፅ አለ።

መልስ፦ ይህ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያዎቹ በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ ካልጠፋ የዲሹን ገመድ ነቅለው ያዳምጡ። የአርዙን ግንኙነት መቁረጥን ግን፣ ማንም ቢመክርዎ፣ ፈጽሞ አያድርጉት፤ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አምፕሊፋየር ከአሜሪካ ሊልክልኝ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ከአምፕሊፋየሩ የመብራት ገመድ መግቢያ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩም ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ በልጦ መገኘት አለበት፤ 1000 ዋት ለሚወስድ አምፕሊፋየር ቢያንስ 1500 ዋት የሚችል ይግዙ። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ግን ከጀርባቸው የቮልቴጅ መቀየሪያ ስላላቸው ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ካለዎት ደግሞ እዚያ ለአገሩ መብራት ተብሎ የሚሸጠው ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ በመሆኑ፣ መሰኪያውን ብቻ ቀይረው ይጠቀሙበታል።