ጀበናው የሚሰበረው ካርቶኑ ስለሚሰፋበት ነው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። «ካሰል ነው የምኖረው። ጀበናና ስኒ በፖስታ መሸጥ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። አንዱ ደንበኛ ተሰብሮ ደረሰኝ ይላል። ማሸጊያ ስጨምር ሌላው ደግሞ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ምን ላድርገው ብሎ ይቆጣል። ምን ይሻለኛል?» ብለሻል። ከሥሩ የተጻፉትን መልሶችም አነበብኳቸው። አብዛኛው ሰው «ባብል ራፕ (አረፋ አረፋ የሆነውን መጠቅለያ ፕላስቲክ) ጨምሪበት» ይላል። እባክሽን አትጨምሪ። እኔ ጨምሬ ጨምሬ ነው የከሰርኩት።

እኔም ያለሁት እዚሁ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ሥራችን አንድ ነው፤ ደንበኞቻችንም ያው ናቸው። ስለዚህ የደረሰብኝ እንዳይደርስብሽ በዝርዝር ልጻፍልሽ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሽኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1ኛ. ካርቶንሽን አሳንሺ። ከሁሉም በፊት ይሄ ነው። ሰፊ ካርቶን ውስጥ የሞላሽው ነገር መንገድ ላይ እየተጠቀጠቀ ወደ ታች ይወርዳል። በአየር የተሞሉት ፕላስቲኮች ቦታ ይለቃሉ፤ አንዳንዶቹ ይፈነዳሉ። መሐል ላይ ያስቀመጥሽው ጀበና ሲደርስ ጥግ ተጠግቶ ይገኛል። ከላይ ባዶ ከቀረ ደግሞ ሌላ ዕቃ ሲጫንበት ካርቶኑ ራሱ ይሰምጣል። ያኔ ስንት ሜትር ባብል ራፕ ብትጠቀልይበት ዋጋ የለውም።

እኔ ስጀምር ካርቶን አልገዛም ነበር። ሰፈሬ ካለው ሱፐርማርኬት ጠዋት ጠዋት የሙዝ ካርቶን እለምናለሁ። ነጻ ነው። ከመጣል አዳንኩት ብዬም ደስ ይለኝ ነበር። ያንን የሚያህል ካርቶን ለመሙላት ግን ነጩን የስታይሮፎም ፍሬ በትልልቅ ከረጢት እገዛለሁ። እሱ አልበቃ ሲል የአየር ፕላስቲኩን እጨምራለሁ። ደንበኛዬን የተንከባከብኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ኑርንበርግ ያሉ እናት ደወሉልኝ። ስድስት ስኒ ነበር የላክሁላቸው። «ልጄ፣ ስኒው ደርሷል። አንዱ ብቻ ነው የተሰነጠቀው፤ እሱ ግድ የለም» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ግን እንደው ይሄን ነጭ ነገር ምን ላድርገው?» አሉ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ሊፍት የለውም፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ካርቶኑ ሰማያዊው የወረቀት መጣያ በርሜል ውስጥ አልገባ ብሎ አጠገቡ ቢያስቀምጡት ጎረቤት በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፎባቸዋል። ነጩን ፍሬ በፌስታል አድርገው በረንዳ ላይ አቆዩት። ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ ፌስታሉን ገለበጠው። ጠዋት ሲወጡ የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። እሳቸውና የልጅ ልጃቸው አንድ በአንድ ሲለቅሙ ረፈደ። ልጅቷ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ደግፈው፣ በሌላው ከሣሩ ሥር ፍሬውን ይለቅማሉ። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ነጭ ፍሬ ገዝቼ አላውቅም።

ያኑ ቀን ማታ እንደለመድኩት ስድስት ስኒ አሸግሁና መዘንኩት። ስኒዎቹ 540 ግራም። ካርቶኑና መሙያው 1 ኪሎ ከ750። ማሸጊያው ከዕቃው ሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል! ለዚህ ነው ፖስታ ቤት ያን ያህል የምከፍለው? በጣም ነው የተናደድኩት። ስድስቱ ስኒ ተጠቅልሎ እኮ ከጫማ ካርቶን አያልፍም። ዲኤችኤል ትንሿ ፓኬት የሚላት 35 በ25 በ10 ሳንቲሜትር ናት፤ እስከ 2 ኪሎ ትይዛለች። ስኒዎቼ እዚያች ውስጥ ልክክ ብለው ገቡ። አዲሷ ካርቶን ከነወረቀቷ 330 ግራም ብቻ ሆነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልለካ ኖሬ ነበር።

2ኛ. ሉሲድ በሚሉት የማሸጊያ መዝገብ ላይ ተመዝገቢ። ነገ አትበዪ። ጥያቄሽ ውስጥ ስለዚህ ምንም አላነሣሽም፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ዋናው ገንዘቤ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

አርብ ከሰዓት ነበር። ከጠበቃ የመጣ ወፍራም ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ አገኘሁ። አፕማኑንግ ነው፤ ሕግ ጥሰሻል፣ አቁሚ፣ ወጪውንም ክፈዪ የሚል የጠበቃ ማስጠንቀቂያ። ሌላ የቡና ዕቃ ሻጭ ነው ያስላከብኝ። «ማሸጊያዋን ሳታስመዘግብ ትሸጣለች፤ እኛ እየከፈልን እሷ በነጻ ትወዳደረናለች» ይላል። አንብቤ ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጠበቃውን ክፍያ ጨምሮ ከ800 ዩሮ በላይ ወጣብኝ። የሁለት ወር ትርፌ ነው። ያኔ ልጄን ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩበት ወር ነበር፤ ከእህቴ ተበድሬ ነው የሞላሁት።

«እኔ ትንሽ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ነበር ሐሳቤ። አንቺም እንደዚያ እያሰብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጀርመኖቹ ፈርፓኩንግስጌዜትስ የሚሉት የማሸጊያ ሕግ ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ትንሽና ትልቅ አይለይም። በዓመት አሥር ጀበና ብትልኪም ይመለከትሻል። ሁለት ነገር ይጠበቅብሻል። ኦስናብሩክ ያለው ማዕከላዊ መዝገብ ቤት በሚያስተዳድረው ሉሲድ ላይ መመዝገብ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ማሸጊያውን ከየቤቱ ለሚሰበስበውና ለሚያድሰው ሥርዓት፣ ዱአለስ ሲስተም ለሚሉት፣ በክብደትና በዓይነት መክፈል ነው። ያልተመዘገበ እስከ 100,000 ዩሮ፣ ያልከፈለ እስከ 200,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። እንደ እኛ ላለች ሻጭ የዓመቱ ክፍያ ግን ትንሽ ነው። እኔ ለዓመት የምከፍለው የአፕማኑንጉን አንድ አሥረኛ አይሆንም። ከ2022 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ የኢንተርኔት ገበያዎቹ ራሳቸው የሉሲድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ከሌለሽ ያግዱሻል።

አሁን የሙዝ ካርቶኑን ነገር ልንገርሽ፤ ማንም አይነግርሽም። «ያገለገለ ካርቶን ነው፣ ተከፍሎበታል» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ሱፐርማርኬቱ ጋ ሙዝ የመጣበት ካርቶን የማጓጓዣ ካርቶን ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ስለሚቀር ለቤት ቆሻሻ አልተከፈለበትም። አንቺ ለደንበኛ ስትልኪበት የመጀመሪያዋ ከፋይ አንቺ ትሆኛለሽ። ነጻ የምትሆኚው ቀድሞ እንደተከፈለበት ማረጋገጫ ካለሽ ብቻ ነው። ካርቶኑ ብቻም አይደለም። መሙያው፣ ፕላስተሩ፣ አድራሻ የምትለጥፊበት ወረቀት ሁሉ ይቆጠራል። ፕላስቲክ ደግሞ በኪሎ ከወረቀት በጣም ይወደዳል። በአየር የሞላሁባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ ነው የጎዱኝ፤ አንዴ ፖስታ ቤት፣ አንዴ እዚህ።

ደብዳቤው እንደመጣ ሰኞ ጠዋት ወደ አንድ የከተማ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ኢንተርኔት ላይ አለ» አለችኝ። ቀስ ብለሽ ብታስረጂኝ ስላት ወረቀቴን በሁለት ጣት ገፋ አድርጋ «ቀጣይ!» ብላ ጠራች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ የራሳችን ሰው የሆነ «አማካሪ» ጋ ሄድኩ። 250 ዩሮ ተቀብሎኝ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበኝ። ምዝገባው በነጻ መሆኑን ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሕጉ ደግሞ ምዝገባውንም ሆነ የክብደት ሪፖርቱን ሻጩ ራሱ እንዲያደርግ ያዛል፤ ለሌላ ሰው ማስደረግ አይፈቀድም። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። በራሴ ስሠራው አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስለዚህ ማንም «እኔ ልጨርስልሽ» ቢልሽ እሺ አትበዪ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ለሥርዓቱ የምትነግሪው ኪሎና ሉሲድ ላይ የምትሞዪው ኪሎ አንድ ይሁን። ሳይገናኝ ሲቀር ጥያቄ ይመጣል።



3ኛ. አስተሻሸጉ። እዚህ ላይ ያስተማረኝ ሻንጣ ነው። ሁላችንም ከአገር ቤት ጀበና አምጥተናል። እናቴ ሆዱ ውስጥ ካልሲ ትከትበታለች። አንገቱን በነጠላ ትጠቀልላለች። ከዚያ በጋቢ አድርጋ በልብሱ መሐል ትወሽቀዋለች። ሻንጣውን ቁጭ ብለንበት ነው የምንዘጋው። ቦሌ ተወርውሮ፣ ፍራንክፈርት ተወርውሮ፣ ደህና ይደርሳል። ባዶ ቦታ ስለሌለ አይነቃነቅም። እኔ ይሄን እያወቅሁ ነው በሙዝ ካርቶን ውስጥ ሳንሳፍፈው የኖርኩት።

ጀበና የሚሰበረው አንገቱና ጆሮው ላይ ነው። ሆዱን እርሺው፤ ራሱን ይችላል። እኔ አሁን የማር እንጀራ የሚመስለውን የሚለጠጥ ወረቀት እጠቀማለሁ። መጀመሪያ አንገቱን ብቻ ደጋግሜ እጠመጥማለሁ፤ የሆዱን ስፋት እስኪያክል ድረስ። የጆሮውን ቀዳዳ በተጨማደደ ወረቀት እሞላዋለሁ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ሁለት ዙር። ሲያልቅ ጀበና መሆኑ አይታወቅም፤ እንደ ግንድ ድብልብል ይላል። ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ክዳኑን ለመዝጋት ትንሽ መጫን አለብሽ። ከዘጋሽው በኋላ ጆሮሽ አጠገብ አድርገሽ ነቅንቂው። አንድ ነገር ከተንቀሳቀሰ ካርቶኑ ሰፍቷል፤ ወረቀት ከመጨመርሽ በፊት ካርቶኑን ቀይሪ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ከወገቤ ከፍታ ደረጃው ላይ ለቅቄ ሞክሬያለሁ። አንዱም አልተሰበረም። ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ አየኝ እንጂ።

ፕላስተሩም የወረቀት ይሁን። ደንበኛው ሳይልጥ ከካርቶኑ ጋር ሰማያዊው በርሜል ውስጥ ይጥለዋል። አሮጌ ካርቶን እየበሳሳ ወደ መሙያ የሚቀይር ማሽን አለ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን ያገለገለ ገዛን። እሱም ቢሆን ክብደቱ ይቆጠራል፤ መዝግቢው። ከአገር ቤት ዕቃ ስታስመጪ ግን በገለባ አታሳሽጊ። ገለባ ወደ አውሮፓ ሲገባ የእንስሳት ጤና ቁጥጥር አለበት፤ ጀበናሽ ጉምሩክ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከጥያቄሽ ሥር አንድ ወንድም «እኛ በጣት የምንቆጠር ነን፣ ቆሻሻውን የሚያመጡት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ናቸው» ብሏል። ወንድሜ፣ አልስማማም። እኔ ብቻዬን በዓመት 400 ያህል ጥቅል እልካለሁ። ካርቶኔን በማሳነሴ ብቻ በአንድ ዓመት ከ500 ኪሎ በላይ ማሸጊያ ሳልልክ ቀርቻለሁ። በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ሰው የደረሰው የማሸጊያ ቆሻሻ ወደ 186 ኪሎ ነው። ከዚያ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ወረቀትና ካርቶን ነው። «ካርቶን እኮ ይታደሳል» ትላላችሁ። ይታደሳል፤ ግን በታደሰ ቁጥር የወረቀቱ ቃጫ እያጠረ ይሄዳል፤ ውሃና መብራትም ይበላል። ከፕላስቲኩ ማሸጊያ ደግሞ የሚታደሰው ከግማሽ በታች ነው። የቀረውን ማን እንደሚለቅመው ኑርንበርግ ያሉትን እናት ያየ ያውቀዋል።

ደግሞም ግዴታ እየሆነ ነው። ቁጥሩ 2025/40 የሆነው አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብ ከ2030 ጀምሮ በፖስታ በሚላክ ጥቅል ውስጥ ባዶው ቦታ ከግማሽ እንዳይበልጥ ይላል። ልብ በይ፤ የአየር ፕላስቲኩም፣ ባብል ራፑም፣ የተቆራረጠው ወረቀትም እንደ ባዶ ቦታ ነው የሚቆጠረው። የእኔ የሙዝ ካርቶን በዚህ ሕግ አንድ ቀን አያድርም ነበር።

አሁን ሁለት ልክ ካርቶን ብቻ ነው ያለኝ፤ አንድ ለጀበና፣ አንድ ለስኒ። ረከቦት ሲታዘዝ ለብቻው አስባለሁ። ባለፈው ዓመት ተሰብሮ የተመለሰብኝ አራት ብቻ ነው። ድሮ ከአሥሩ አንዱ ይሰበርብኝ ነበር። ኑርንበርግ ያሉት እትዬም ባለፈው ፋሲካ ለልጃቸው ጀበና አዘዙኝ። ሲደርሳቸው ደወሉ። «ካርቶኗን አልጣልኳትም፤ በርበሬ አስቀምጬባታለሁ» አሉኝ።

የጀበናሽን ቁመት ከነአንገቱ፣ የሆዱንም ስፋት በሳንቲሜትር ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የእኔ ቁመቱ 28 ነው። ከተቀራረበ የካርቶኔን ልክ እሰጥሻለሁ። የሉሲዱን ምዝገባ ስትጀምሪም ደውዪልኝ፤ አንቺ እየሞላሽ እኔ በስልክ እከተልሻለሁ።