መልስ፦ ከሮም ቬኒስ በባቡር፣ ትኬቱን መቼ ልቁረጥ?

ሰላም እህቴ። ከሮም በፍሎረንስ በኩል ቬኒስ ለመሄድ ትኬቱን ከአሁኑ ልቁረጥ ወይስ እዚያው ስደርስ ብለሽ ጠይቀሻል። እንደ ባቡሩ ዓይነት ይለያያል።

ፈጣኖቹን፣ ማለትም ፍሬቻሮሳንና ኢታሎን፣ ቀደም ብለሽ ቁረጪ። ቀኑ ሲቀርብ ዋጋቸው ይወደዳል። ከሮም ፍሎረንስ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ ቬኒስ ከ2 ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሬጆናሌ የሚባሉት የአካባቢ ባቡሮች ግን ዋጋቸው ቁርጥ ነው። የዚያኑ ዕለት ብትገዢም ያው ነው። ከፍሎረንስ ፒሳ ደርሶ ለመመለስ እነሱ ይበቃሉ። የሬጆናሌ የወረቀት ትኬት ከያዝሽ ሳትሳፈሪ ጣቢያው ባለው ማሽን ማህተም አስመቺበት፤ አለዚያ ቅጣት አለው።

ቬኒስ ስትደርሺ ሜስትሬ የሚባለው ጣቢያ ላይ እንዳትወርጂ! እሱ ከውኃው ወዲህ ነው። ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ድረስ ሂጂ። ባቡሩ ረጅሙን ድልድይ ሲሻገር ግራና ቀኙ ውኃ ብቻ ነው፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። ከጣቢያው እንደወጣሽ ታላቁ ቦይ ፊትሽ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

የባቡር ሠራተኞች አድማም እዚያ የተለመደ ነው። ግን ቀድሞ ስለሚነገር፣ ሆቴል ከመያዝሽ በፊት ቀኑን አጣሪ።