ክፍል እያለ «የለም» የሚል ኤጀንት፦ ሞዴሉን ሳይሆን የቱሉን መግለጫ ይፈትሹ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል የሚያስይዝ ኤጀንት (በኤአይ ሞዴል የሚሠራ ረዳት) ሠርቻለሁ። «ለከተራ፣ ጥር 10 ቀን 2019 ለሁለት ሰው ክፍል አለ?» ሲባል ክፍት ክፍል እያለ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ቀን እንዲቀየርለት የጠየቀ እንግዳ ደግሞ ጭራሽ ተሰረዘበት። ወደ ውድ ሞዴል ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አማርኛ አልገባው ይሆን? ቱሎቹ (ኤጀንቱ ሥራ ለማስፈጸም የሚጠራቸው የኮድ ተግባራት) «ጌት_ዳታ»፣ «ጌት_ኢንፎ» እና «ማኔጅ_ቡኪንግ» ይባላሉ።

መልስ፦ ወደ ቀድሞው ሞዴል ይመለሱ፤ ገንዘብዎን አያባክኑ። ከምልክቶቹ እንደምገምተው ችግሩ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱም የቱል መግለጫ ላይ ናቸው። ከምንም በፊት ግን ስረዛን ከኤጀንቱ እጅ ያውጡ። ጥገናው እስኪያልቅ ሰው ይሰርዝ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ በስህተት የተለቀቀ ክፍል ወዲያው ሌላ እንግዳ ይገባበታል፤ ይቅርታ መጠየቅ ክፍሉን አይመልሰውም።

አሁን ሎጉን (ኤጀንቱ የሠራው ሁሉ የሚመዘገብበትን ፋይል) ይክፈቱና ኤጀንቱ ወደ ቱሉ የላከውን ቀን ይዩ። «2019-05-10» የሚል ካገኙ አማርኛው በደንብ ገብቶታል ማለት ነው። ጥር 5ኛው ወር ነው፣ ቀኑ 10፣ ዓመቱ 2019፤ አንዱንም አልሳተም። ሞዴሉ ኮድዎን አያይም፤ የሚያየው የቱሉን ስም፣ መግለጫውንና የፓራሜትሮቹን (ለቱሉ የሚላኩለትን እሴቶች) ዝርዝር ብቻ ነው። መግለጫዎ «የመግቢያ ቀን» ብሎ ካቆመ፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ የሚነግረው የለም። ስለዚህ የእኛን ቀን በአይኤስኦ 8601 (ዓመት-ወር-ቀን) ቅርጽ ደርድሮ ላከው። ዳታቤዙ ግን በጎርጎርዮስ ሜይ 10 ቀን 2019 ብሎ አነበበው። ላለፈ ቀን የሚከራይ ክፍል ስለሌለ ባዶ ዝርዝር መለሰ፤ ኤጀንቱም ያንን ተቀብሎ «የለም» አለ። መላክ የነበረበት 2027-01-18 ነው።

ይህን ብልሽት አደገኛ የሚያደርገው ድምፅ አለማሰማቱ ነው። የ2019 ዓ.ም. ቀናት እንዲህ ሲደረደሩ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ትክክለኛ የጎርጎርዮስ ቀን ይመስላሉ። ጳጉሜን ላይ 13ኛ ወር ስለሌለ ስህተት ይመጣል። ጥቅምት 29 እና 30 ላይም ይመጣል፤ ምክንያቱም የ2019 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። የቀረው ሁሉ ያለ ምንም ኤረር ያልፋል። በመስከረም ሞክረው «ይሠራል» ያሉት ሁሉ የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

ሞዴሉ ራሱ ቀን እንዲለውጥ በፕሮምፕት (በጽሑፍ መመሪያ) አያዙት። ጥምቀት በ2019 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ 2019 ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ስለሆነ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህን ኮድ ይሥራው። ቀኑን በአራት ግዴታ ፓራሜትር ይክፈሉት፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቁጥር፣ አራተኛው «አቆጣጠር» ሆኖ በኢነም (በተወሰነ የምርጫ ዝርዝር) ሁለት ምርጫ ብቻ ይኑረው፤ ኢትዮጵያ ወይም ጎርጎርዮስ። መግለጫው እንዲህ ይበል፦ «እንግዳው የተናገረውን ቀን ሳትለውጥ ላክ። ወሩ ጥር ወይም የካቲት ከተባለ አቆጣጠሩ ኢትዮጵያ ነው። ካልታወቀ እንግዳውን ጠይቅ፤ አትገምት።» ያለፈ ቀን ሲመጣም ባዶ ዝርዝር አይመልሱ። «ቀኑ አልፏል፤ አቆጣጠሩን አረጋግጠህ እንደገና ላክ» የሚል ኤረር ይመልሱ፤ ኤጀንቱ አንብቦ ራሱን ያርማል።

ሰዓትም እንደዚያው ነው። «አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በ3 ሰዓት ተቀበሉኝ» ያለ እንግዳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ከሆነ 09:00 ነው።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ «ጌት_ዳታ» እና «ጌት_ኢንፎ» ምን ይለያቸዋል? ከኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት በይነገጽ) ሰነድ ላይ በአንድ ትእዛዝ ቱል የሚፈለፍሉ ፕሮግራሞች የሚያወጡት እንዲህ ያለውን ነው፤ መግለጫው «ዳታ ይመልሳል» ይልና ያበቃል። በነፃ ስለተገኘ ብቻ እንዲህ ያለ ዕቃ አይግጠሙ። «ማኔጅ_ቡኪንግ» የሚባለውን ደግሞ ይበትኑት። መያዝ፣ ቀን መቀየርና መሰረዝ በአንድ ቱል ውስጥ ታጭቀው ልዩነታቸው በአንዲት «አክሽን» የምትባል ስትሪንግ (የጽሑፍ እሴት) ላይ ከተንጠለጠለ፣ ቀን መቀየር ስረዛ ቢሆን አይገርምም። ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱን ቱል ይስጡት።

ሲስተም ፕሮምፕቱ (ለሞዴሉ የሚሰጠው ቋሚ መመሪያ) ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «በጭራሽ ያለ ፈቃድ አትሰርዝ» የሚል መስመር ተደርቦ ከሆነ ያንሱት። ብልሽቱን ሳይነኩ ላዩ ላይ መለጠፍ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠግነውንም ሰው ያሳስታል።

ለክፍል ፍለጋው ይህን የመሰለ መግለጫ ይበቃል፦ «በተሰጡት ቀናት ነፃ የሆኑ ክፍሎችንና የአዳር ዋጋቸውን በብር ይመልሳል። እንግዳው ክፍል መኖሩን ወይም ዋጋ ሲጠይቅ ተጠቀምበት። ክፍል አይዝም። ቀድሞ የተያዘ ክፍል ለማየት አይሆንም፤ ለዚያ የማስያዣ ቁጥር የሚቀበለውን ቱል ጥራ። ባዶ ዝርዝር ማለት በእነዚያ ቀናት ሁሉም ተይዟል ማለት ነው።» ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ መቼ እንደማይጠራ፣ መልሱ ምን ማለት እንደሆነ፤ ከእነዚህ አራቱ አንዱም አይጉደል። መግለጫ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አብሮ ስለሚላክና አማርኛ ብዙ ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ስለሚበላ፣ ዋናውን በእንግሊዝኛ ጽፈው የወራቱን ስምና የእንግዳ አነጋገር ምሳሌዎችን በአማርኛ ቢተዉ ይሻላል።

ሲሞክሩት የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይዩ። 20 ያህል ጥያቄ ያዘጋጁ፤ ጳጉሜን፣ ጥቅምት 30፣ «ነገ»፣ «ለገና»፣ «ጃንዋሪ 18» ይኑሩበት። ከዚያ የትኛው ቱል እንደተጠራና ምን ፓራሜትር እንደተላከ ከሎጉ ላይ ያመሳክሩ። መልሱ አጋጣሚ ሆኖ ትክክል ሊመጣ ይችላል፤ ፓራሜትሩ ግን አይደብቅም።

ስረዛውን የሚመልሱት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም በመግለጫ ብቻ አይተማመኑ። መግለጫ ሞዴሉን ይመራል እንጂ አያግደውም። የስረዛ ቱሉ ሲጠራ ኮዱ ምንም ሳይሰርዝ ለእንግዳው ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይላክ፤ ቁጥሩንም ሞዴሉ ሳይሆን የእርስዎ ሰርቨር ያመሳክረው።