የስፔሻሊቲ ካርድ ለስኩባ ጠላቂ ግድ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሎችም እንዲከታተሉት ላሳጥረው። ዱባይ ኦፕን ዋተር፣ ማለትም የመጀመሪያውን የስኩባ ኮርስ፣ ጨርሰሻል። ዳይቭ ሴንተሩ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ የበዛ የታንክ አየር)፣ ፒክ ቦያንሲ (ሳይሰምጡ ሳይንሳፈፉ ውሃ ውስጥ መቆም)፣ ዲፕ (ጥልቅ ዳይቭ)፣ ቦት (ከጀልባ መጥለቅ) እና የዓሣ መለየት ስፔሻሊቲዎችን፣ ማለትም በአንድ ርዕስ ላይ የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶችን፣ በአንድ ጥቅል እንድትወስጂ እየገፋፋሽ ነው። ለገና አገር ቤት ስትገቢ ደግሞ መንገድሽን በጅቡቲ አድርገሽ ለመጥለቅ አስበሻል። አምስቱም ግድ ናቸው ወይ ነው ነገሩ።

አይደሉም። ካርድ ስለሌለሽ «አይቻልም» የምትባይባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ናይትሮክስ ያለ ካርድ አይሞላልሽም። ጥልቀትም እንደ ካርድሽ ነው፦ በፓዲ (ካርዱን የሚሰጠው ድርጅት) ኦፕን ዋተር 18 ሜትር፣ በአድቫንስድ (ቀጣዩ ደረጃ) 30፣ በዲፕ 40፤ ከ40 በታች የመዝናኛ ዳይቪንግ አይደለም። ሰሜን አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባ የመጥለቂያ ልብስ) ስትከራዩ ካርዱን ልትጠየቁ ትችላላችሁ። እስራኤል ኢላት ለምትጠልቁ ከስፔሻሊቲ ይልቅ የሚፈለግባችሁ ኢንሹራንስ ነው፤ ስድስት ወር ሳትጠልቁ ከቆያችሁም የማደሻ ዳይቭ። የዓሣ መለየት ካርድ የሚጠይቅ ጀልባ ግን የትም የለም። የቦት ስፔሻሊቲም ቢሆን አብዛኛው ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ገለጻ ውስጥ በነፃ የምትሰሚው ነው።

ከአምስቱ ናይትሮክሱን ውሰጂ። በአንድ ቀን ያልቃል፣ ጥቅሙም በቁጥር ይታያል። በፓዲ ሠንጠረዥ 18 ሜትር ላይ ተራ አየር 56 ደቂቃ መቆየት ሲፈቅድ፣ 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ 95 ደቂቃ ይፈቅዳል። 30 ሜትር ላይ 20 የነበረው 30 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናይትሮክስ ጠለቅ ብሎ ለመውረድ የሚረዳ ሲመስለው ነው። እንዲያውም ይገድብሻል፦ 32 በመቶው ከ33 ሜትር፣ 36 በመቶው ከ28 ሜትር በላይ አያስወርድም። ገደቡን ካለፍሽ ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ምንም ምልክት ሰውነት ይንዘፈዘፋል፣ መተንፈሻው ሬጉሌተር ከአፍ ይወጣል፣ ሰው ይሰምጣል። ስለዚህ ታንኩን ሌላ ሰው ለክቶልሽ እንኳ ቢሆን ራስሽ ድገሚው። መለኪያውን በተራ አየር 20.9 ላይ አስተካክይ፣ ቫልቩን በስሱ ክፈቺ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቂ። ከዚያ ንባቡን፣ የሚፈቀደውን ጥልቀት፣ ቀኑንና ስምሽን ፕላስተር ላይ ጽፈሽ ታንኩ ላይ ለጥፊ፤ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረውን ዳይቭ ኮምፒውተርሽንም በዚያው ቁጥር ሙዪ። አንዳንድ ኮምፒውተር በማግስቱ በራሱ ወደ 21 ስለሚመለስ ከእያንዳንዱ ዳይቭ በፊት ይታይ።

ለቀሪው ገንዘብ አድቫንስድ ይሻላል። አምስት ዳይቭ ነው፤ ዲፕና ናቪጌሽን (አቅጣጫ ማግኘት) ግዴታ ናቸው፣ ሦስቱን ራስሽ ትመርጫለሽ፣ ከእነሱ አንዱን ቦያንሲ አድርጊው። ዲፕን በኋላ ሙሉ ስፔሻሊቲ ማድረግ ካማረሽ ያንኛው ዳይቭ ሊቆጠርልሽ ይችላል፤ ሳትከፍዪ በፊት ጠይቂ።

ቦያንሲ የግድ መቻል ያለብሽ ነገር ነው፣ ካርዱ ግን የግድ አይደለም። መነሻው ለመስመጥ የምትታጠቂው የእርሳስ መጠን ነው። ዳይቩ አልቆ ታንክሽ 50 ባር ሲቀረው ውሃው ላይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ቢሲዲውን (አየር የሚሞላውን ጃኬት) ሙሉ በሙሉ አስተንፍሺ፣ መጠነኛ ትንፋሽ ይዘሽ እግርሽን አታንቀሳቅሺ። ውሃው ዓይንሽ ላይ ከደረሰ፣ ስትተነፍሺም ቀስ ብለሽ ከሰመጥሽ፣ ልኩ ይኸው ነው። በሙሉ ታንክ ከለካሽ ሁለት ኪሎ ያህል ጨምሪ፤ እየተነፈስሽ የምትጨርሺው አየር የራሱ ክብደት አለው። አሁን አራት ኪሎ አብዝተሽ ታጥቀሻል እንበል። 10 ሜትር ላይ ያንን ለመሸከም ቢሲዲው ውስጥ ተጨማሪ አራት ሊትር አየር ያስፈልጋል። 5 ሜትር ስትደርሺ ያው አየር ተለጥጦ 5.3 ሊትር ስለሚሆን፣ ለሴፍቲ ስቶፕ (ከመውጣት በፊት ለሦስት ደቂቃ የሚደረግ ማረፊያ) መቆም በሚገባሽ ቦታ ላይ ወደ ላይ ይገፋሻል። ጀማሪ «መቆም አቃተኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ጓዙን ካላቀለሉለት የትኛውም ኮርስ አይፈታለትም።

ዲፕ ይቆይ፤ ሂሳቡን ግን ከአድቫንስዱ በፊት እወቂው። የተለመደው አሉሚኒየም ታንክ 11 ሊትር ነው። 30 ሜትር ላይ ጓደኛሽ አየር ጨርሶ ካንቺ ታንክ ሲጋራ፣ ሁለታችሁም ደንግጣችኋልና በጋራ በደቂቃ 60 ሊትር ያዢ። እዚያ ጥልቀት ላይ ግፊቱ 4 ባር ስለሆነ አንድ ደቂቃ ለመረጋጋት 240 ሊትር ይሄዳል። በደቂቃ 9 ሜትር ፍጥነት 5 ሜትር እስክትደርሱ 500 ገደማ፣ ለሦስት ደቂቃ ሴፍቲ ስቶፕ 270፣ ለቀረችው 5 ሜትር አንድ ደቂቃ ብለን 75። ጠቅላላው ወደ 1,080 ሊትር፣ በዚያ ታንክ 100 ባር ማለት ነው። «50 ባር ሲቀረን እንወጣለን» የሚባለው ልማድ እንግዲህ 30 ሜትር ላይ የሚያዋጣ አይደለም።

ሬክ፣ ማለትም የሰመጠ መርከብ፣ ከውጭ ለማየት ስፔሻሊቲ አያስፈልግም። ግብፅ ያለው ቲስልጎርም ወለሉ 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ አድቫንስድ ይበቃል። ውስጡ መግባት ግን ሌላ ነው፤ አንድ የፊን (የእግር መቅዘፊያ) ምት ደለሉን ካስነሳ መውጫው አይታይም፣ ገመድ መዘርጋት ያልተማረ አይግባ። ከናይትሮክስ በቀር ከሌላው ስፔሻሊቲ ሁሉ በፊት ግን ሬስኪው (ሌላ ጠላቂን የማዳን) ኮርስ ይቅደም ባይ ነኝ።

በጥቅልሽ ውስጥ የሌለው፣ ላንቺ ግን ዋናው፣ የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጠለቁ በኋላ ቶሎ ወደ ከፍታ መውጣት አደገኛ ነው፣ ከጅቡቲ ወደዚያ መውጣት ደግሞ ለሰውነትሽ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው። «በባቡር ነው የምሄደው» ማለት አያድንም። የዳን (የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት) መመሪያ ከአንድ ዲኮምፕሬሽን (ሲወጡ የግድ የሚደረግ ማቆሚያ) የሌለው ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ወይም ለብዙ ቀን ከተጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል፤ ዲኮምፕሬሽን ከነበረበት ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ ለሚያምረው የአልቲትዩድ (በከፍታ ቦታ የመጥለቅ) ስፔሻሊቲ እውነተኛ ትርጉም አለው። እዚያ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ስለሆነ 16 ሜትር በሠንጠረዥ ላይ እንደ 20 ሜትር ይቆጠራል።

ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ታንክ የምትይዢበትን ቀን አስቀድሚና ከመንገድሽ በፊት ያለችውን ሙሉ ቀን ነፃ ተዪያት። በዚያን ቀን እዚያው ጅቡቲ አርታ ሄደሽ ዌል ሻርኮቹን በስኖርክል (ያለ ታንክ፣ ከውሃው ገጽ) እዪ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይመጣሉ፣ ለዚያ ካርድ የሚጠይቅሽ የለም።