የባለቤትሽ እግር መደንዘዝ ከደሙ ጋር ምን ያገናኘዋል ላልሽው

ሰላም እህቴ። ቤይሩት ያለው ባለቤትሽ ታላሴሚያ የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ እንዳለበት፣ አሁን ደግሞ እግሩ እየዛለ ሐኪሙ የጀርባ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) እንዳዘዘለት ጽፈሻል። የደም በሽታ ጀርባ ውስጥ ምን ይሠራል ነው ጥያቄሽ። እኔ ገልፍ አገር በደም ሕመምተኞች ክፍል ነርስ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ታላሴሚያ ያለበት ሰው መቅኔው ቀን ከሌት ቢሠራም፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ብዙዎቹ ሳይደርሱ እዚያው ይሞታሉ። ሰውነቱ ጉድለቱን ለመሙላት ሲል ከመቅኔ ውጭም ደም መሥራት ይጀምራል፤ ጉበት ላይ፣ ጣፊያ ላይ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አከርካሪው አጠገብ፣ በተለይ በደረት በኩል። አከርካሪው አጠገብ ደም የሚሠራው ክፍል ሲያድግ እብጠት ይሆናል፤ ይህ እብጠት ካንሰር አይደለም። ግን ቦታው ጠባብ ስለሆነ ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል፣ ያኔ እግር ይደነዝዛል፣ ይከዳል። በብዛት የሚታየው ደም አዘውትረው በማይወስዱት፣ መካከለኛ ታላሴሚያ ባለባቸው ላይ ነው።

አንድ ወጣት ታካሚ ነበረን። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ አይሰማውም፣ ዞር ብሎ ሲያይ ነው ባዶ እግሩን መሆኑን የሚያውቀው። ቤተሰቡ ደም ማነሱ ያመጣው ድካም መስሏቸው ቆዩ። ደም ተሰጠው፣ አነስተኛ መጠን ያለው ጨረርም ተደረገለት፣ ቀስ በቀስ ቆሞ መሄድ ቻለ። እነዚህ እብጠቶች ጨረር ቶሎ ያሟሟቸዋል፤ ጨረሩ ግን የደም ሴልንም ሊቀንስ ስለሚችል ምርመራው አይቋረጥም። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለውን ክኒን የሚያዙም አሉ። ቀዶ ሕክምናም አለ፣ በተለይ እግሩ በፍጥነት እየከፋ ከሄደ፤ ግን እብጠቱ ደም የበዛበት ስለሆነ ብዙ ሊደማ ይችላል። ናሙና ካልወሰድን ካሉሽም ይህንኑ አንስተሽ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ኤምአርአዩ ይበቃል።

እባክሽ አንድ ነገር። ሽንት አልመጣ ካለው ወይም ካመለጠው፣ ወይም እግሩ በድንገት ከባሰበት፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ገና በሩ ላይ «ታላሴሚያ አለበት» በይ፤ ካልነገርሻቸው የአከርካሪ ዲስክ መንሸራተት መስሏቸው ማስታገሻ ሰጥተው ሊሸኙት ይችላሉ። የቅርብ ጊዜ የሄሞግሎቢን ውጤቱንና ደም የወሰደበትን መዝገብ አሁኑኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።