ስለ ሴንሲቲቪቲ ምርመራ ጠይቁኝ፦ የባክቴሪያው ብዛት ውጤቱን ምን ያደርገዋል?

ጅማ ውስጥ ካልቸር ክፍል፣ ማለትም ከታካሚ የመጣ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ሴንሲቲቪቲ የምንለው የትኛው መድኃኒት በባክቴሪያው ላይ እንደሚሠራ የምናይበት ምርመራ ነው። ከተማሪዎች፣ ከነርሶችና ከታካሚዎች ለመጡልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባክቴሪያውን የበጠበጥንበት ቱቦ ትንሽ ቢደፈርስ ወይ ቢቀጥን ምን ለውጥ አለው? በዓይን ግምት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። ባክቴሪያውን ፕሌት ውስጥ ባለው አጋር፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግቡ ላይ እንቀባና መድኃኒት የያዘ ትንሽ ክብ ወረቀት፣ ዲስክ፣ እናስቀምጥበታለን። ዲስኩ ላይ ያለው መድኃኒት አጋሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰራጫል፤ ባክቴሪያውም በዚያው ሰዓት ይራባል። ገና ከጅምሩ ከበዛ መድኃኒቱ ሳይደርስበት ቦታውን ይይዛል፣ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ የማይበቅልበት ክብ ይጠባል፣ የሚሠራው መድኃኒት «አይሠራም» ተብሎ ይጻፋል። ከሳሳ ደግሞ ክቡ ይሰፋና የማይሠራውን «ይሠራል» እንላለን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። ለዚህ ነው ቱቦውን ማክፋርላንድ 0.5 ከሚባለው የድፍርስነት መለኪያ ቱቦ፣ ከስታንዳርዱ ጋር የምናመሳስለው፤ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ማለት ነው። ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ካርድ ከኋላ አድርገህ ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን ያዝ። ስታንዳርዱን ግን መጀመሪያ በጥብጠው፤ ባሪየም ሰልፌት ስለሆነ ይዘቅጣል። አንድ ጠዋት ሳልበጠብጥ አመሳስዬ ቱቦዬ ስለሳሳ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀው የኢ. ኮላይ መቆጣጠሪያ ባክቴሪያችን፣ ኤቲሲሲ 25922፣ በጄንታማይሲን 28 ሚሊ ሜትር ክብ አወጣ። መሆን ያለበት ከ19 እስከ 26 ነው። የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ እንደገና ሠራሁት።

ጥያቄ፦ ካመሳሰልኩ በኋላ ሻይ ጠጥቼ ብመለስስ?

መልስ፦ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፕሌቱ ላይ ካልቀባኸው አዲስ አዘጋጅ። ባክቴሪያው አንተን አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ «ይሠራል» ይላል፤ መግል የያዘው ታካሚያችን ግን አልተሻለውም።

መልስ፦ ሲስተር፣ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግን ብዛት ነው። በብሮዝ፣ በፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ ስንመረምር በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ገደማ ባክቴሪያ ነው የምናስገባው። መግል ውስጥ ከዚያ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም የሚያመርት ዝርያ ከሆነ፣ በበዛ ቁጥር ኢንዛይሙም ይበዛና እንደ ፔኒሲሊንና ሴፋዞሊን ያሉትን ይሰባብራቸዋል። ስለዚህ መግሉ መውጣቱ ራሱ ሕክምና ነው፤ ለሐኪሙ ንገሪው።

ጥያቄ፦ ልጄ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ሽንቷን ባመጣ ውጤቱ ይሳሳታል?

መልስ፦ እናቴ፣ ለምርመራው የሚያስፈልገውን ብዛት እኛው እናስተካክላለን። ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፤ መድኃኒቱ አዳክሞት ጭራሽ ላይበቅልልን ይችላል። ቢቻል ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት አምጪልን። ጀምራ ከሆነ ግን በራስሽ አታስቁሚያት፤ የቱን መድኃኒት መቼ እንደወሰደች ብቻ ንገሪን።